የመልካም ቀን ደም

ቦንግቺ ስትወለድ አባቷ ሊያያት እንኳ አልገባም። ስድስተኛ ሴት ልጁ ነበረች። ከዓሣ ኩሬው ዳር ሆኖ ምን እንደተወለደ ጠየቀ፣ ነገሩት፣ መረቡን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስም አውጣላት ሲሉት ደግሞ ሳይዞር ይህንኑ ስም ወረወረላት። ቦንግቺ፣ “ግዴለም፣ ትደግ” ማለት ነው። በዚያ ዘመን በደቡብ ታይዋን የባሕር ዳርቻ እንዲህ ያለ ስም የተሸከመች ሴት ብርቅ አልነበረችም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ወይም ባል ሲያገቡ ስማቸውን አስቀየሩ። እሷ እምቢ አለች። ማፈር ካለበት ያወጣው ሰው ይፈር እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ እያለች፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት እንኳ ደረቷ ላይ በምታንጠለጥለው የነርስ ካርድ ላይ ስሙን በጉልህ አስጽፋ ትዞር ነበር።

እናቷ ገና ጡት ሳታስጥላት ለመንደሩ አዋላጅ ለእማማ ኩን ሰጠቻት። እማማ ኩን መካን ነበሩ፤ ቦርሳቸውን የምትሸከምላቸውና ሲያረጁ የምትጦራቸው ልጅ ይፈልጉ ነበር። ቦንግቺ በአሥር ዓመቷ ቦርሳውን ተሸከመች፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ እትብት ማሰር ቻለች። እማማ ኩን ብዙ የሚናገሩ ሴት አይደሉም፤ አንድ ነገር ላይ ግን ቁጣቸው ለጉድ ነው። ልጁ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁን ለማውጣት የቸኮለች እጅ ካዩ፣ ባጠገባቸው ባገኙት ማማሰያ ይመቷታል። “አርፈሽ ጠብቂ” ይሏት ነበር። “ማህፀኑ ራሱ ሲለቀው ይመጣል። ስትጎትቺው ግን ደሙን ሁሉ ይዞብሽ ነው የሚመጣው።” ቦንግቺ ይህን ትምህርት የተማረችው ጣቷ አብጦ ነው።

ዘመን ተቀየረ። ሴቶቹ ቤት ውስጥ መውለድ ተዉ፣ እማማ ኩንም አረፉ። ቦንግቺ የነርስ ፈቃድ አወጣችና ዶክተር ሊያው ከገበያው ጀርባ በከፈተው ባለ ሁለት ፎቅ የማዋለጃ ክሊኒክ ገባች። ባሏ ቀድሟት ሞቷል፤ አንዲት ልጇን ቹንሃን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። የሥራ ቦታዋ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ለሐኪሙ መሣሪያ ታቀብላለች፣ ደም የሚመጠጥበትን ጎዝ ስትሰጥም ስትቀበልም ትቆጥራለች። አንዱ ሆድ ውስጥ ቢረሳ ተጠያቂዋ እሷ ነች።

ዶክተር ሊያው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ ይታወቅለት። እጁ ፈጣን ነው፣ ስፌቱ ያምራል፣ ሴቶቹን አይሳደብም፣ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ግቢው ውስጥ ኦርኪድ ይኮተኩታል። አንድ ልማድ ግን ነበረው። ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ ስንት ደም እንደፈሰሰ በሚጻፍበት መስመር ላይ ሁልጊዜ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ብሎ ይጽፋል። ወፍራሟም ሦስት መቶ፣ ቀጭኗም ሦስት መቶ፣ እየሳቀች የወጣችውም፣ ከንፈሯ ነጥቶ የወጣችውም ሦስት መቶ። ወለሉን ገረፍ አድርጎ አይቶ ነው የሚገምተው። ሌላውም ሐኪም እንዲያ ስለሚያደርግ ማንም ምነው አላለውም።

ኪምቹ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ቦንግቺም ምነው አላለችም። ኪምቹ ገበያው መግቢያ ላይ ዓሣ የምትሸጥ፣ ድምጿ ከአውቶቡስ ማቆሚያው የሚሰማ ሴት ነበረች። ሁለተኛ ልጇን በኦፕራሲዮን ወለደች። ያን ቀን ቦንግቺ ሠላሳ አራት ጎዝ ቆጥራ ተቀብላለች፤ ሁሉም ደም ጠግቦ የሚንጠባጠብ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሦስት መቶ ተጻፈ። ወረቀቱ ሦስት መቶ ስላለ ደም ለማምጣት የተጣደፈ ሰው የለም። ኪምቹ ከሰዓት በኋላ በረደኝ አለች፣ ቀጥላ ውኃ ጠየቀች፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና ሲደርስ ነፍሷ ወጥታ ነበር። ሕፃኑ ኮሪደሩ ላይ በአክስቱ ክንድ ሆኖ አንጀት እስኪበላ አለቀሰ፤ ማንም ሊያባብለው አልቻለም። ባልየው የቦንግቺን እጅጌ ይዞ ስንት ደም ነው የፈሰሳት ብሎ ጠየቃት። ቦንግቺም ሦስት መቶ አለችው።

ይህችን መልስ ለራሷ ይቅር አላለቻትም። እሱ በዓይኑ ገምቶ ተሳሳተ፤ እኔ ግን ቆጥሬ፣ እያወቅሁ ነው የዋሸሁት እያለች ሁለት ዓመት ስትብሰለሰል ከረመች። በመጨረሻ ሄዳ ለሰውየው እውነቱን ነገረችው። እሱ መደብሩን ሊዘጋ ዕቃ እየሰበሰበ ነበር። አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት በተሻላት። የኪምቹን የዓሣ ሚዛን ከመስቀያው አውርዶ እጇ ላይ አስቀመጠላትና ሌላ ጊዜ በዚህ እይ ብሏት ዞረ።

ቦንግቺ ሚዛኑን በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ አጥባ ክሊኒኩ ይዛው ገባች። ዶክተር ሊያው ሲያየው ሳቁም ቁጣውም አንድ ላይ መጣበት። ኦፕራሲዮን ክፍሌ ውስጥ የዓሣ ሚዛን የሚሰቀለው እኔ ስሞት ነው አለ። ስለዚህ እሷ እሱ ከማይረግጥበት ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰቀለችው። ደረቁን ጎዝ መዘነች፣ የተነከረውን መዘነች፣ ልዩነቱን አወጣች። ሚዛኑ በገበያ መስፈሪያ የሚቆጥር ነውና ቁጥሩን ወደ ግራም እየመለሰች፣ ጠርሙስ ውስጥ የተመጠጠውንም ከሽርት ውኃው ለይታ እየደመረች በማጠቢያው በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ጻፈች። ሌሎቹ ነርሶች መቀለጃ አደረጓት። ሲስተር፣ ዛሬ ዓሣው ኪሎው እንዴት ነው ይሏታል። ለእናንተ ቅናሽ አለኝ ትላቸውና መመዘኗን ትቀጥላለች።

በስድስት ወር ውስጥ የበሩ ጀርባ በቁጥር ሞላ። ሦስት መቶ የሚል ቁጥር ከስንት አንዴ ነው የተገኘው። አብዛኛው አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ደህና። በየመሀሉ ግን ዘጠኝ መቶ፣ አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የሚሉ ቁጥሮች ሁለት ሦስት እየሆኑ በአንድ ቀን ተሰልፈው ይታያሉ። እነዚህ ቀኖች ምን ነክቷቸዋል ብላ መልካሙንና ክፉውን ቀን የሚለየውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውርዳ አመሳከረች። እናንተዬ፣ ሁሉም መልካም ቀኖች ናቸው።

በዚያ ከተማ ልጅ በኦፕራሲዮን የሚወለድ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን የሚቆርጠው ሐኪሙ አይደለም። ከቤተ መቅደሱ ጎን የሚቀመጠው ኮከብ ቆጣሪ ነው። የእናትና የአባትን ልደት ተቀብሎ መጽሐፉን ገልጦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይውጣ ይላል፤ ቤተሰቡም ሰዓቷን በቀይ ወረቀት አጽፎ ለዶክተሩ ያመጣል። በዚህ የሚስቅ የለም። ዶክተሩ ራሱ ሁለት ልጆቹን እንዲያ ነው ያስወለደው። ክፋቱ፣ መልካም ቀን ለሁሉም መልካም ነውና ሦስት ቤተሰብ አንዲት ሰዓት ይዞ ይመጣል። ክሊኒኩ ያለው ደግሞ አንድ የኦፕራሲዮን አልጋ ነው።

ቦንግቺ ዓይኗን ከዶክተሩ እጅ ላይ ሳትነቅል ሁለት ወር ተከታተለች። በአዘቦት ቀን ልጁ ከወጣ በኋላ ስለ ኦርኪዱ እያወራ ይቆማል፤ ሳያስበው ይጠብቃል ማለት ነው። የእንግዴ ልጁ በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ ማህፀኑ ይጨመደዳል፣ ደሙ ያባራል። በመልካም ቀን ግን ቀጣይዋ ሴት ሰዓቷ እንዳያልፍ ስለሚጣደፍ እጁን እስከ አንጓው ከትቶ ይልጠውና ያወጣዋል። የተላጠው ቦታ ደሙን ይለቀዋል። እማማ ኩን በማማሰያ የመቱበት ጥፋት ይኸው ነው፤ አሁን በጓንት ተሠራ እንጂ።

ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ገልብጣ ቢሮው ገባች። አንድ በአንድ አስረዳችው። አንድ ገጽ አይቶ ደብተሩን መለሰላት። ሦስት ቤተሰብ ቀይ ወረቀት ይዞ ሲመጣ የቱን እምቢ ልበል፣ አንቺ ንገሪኝ አለ። ሁለቱን አለችው። ዶክተሩ ከልቡ ሳቀ፤ በዚያው ተለያዩ።

ነገሩ በቤቷ የመጣባት በዚያው ሰሞን ነው። ልጇ ቹንሃ የብዙ ዓሣ ኩሬ ባለቤት ለሆኑት ለወይዘሮ ቴ ልጅ ተድራ ነበር። ባሏ አቤንግ ደግና ዝምተኛ ነው፤ እናቱ ባሉበት ከዝምታም አልፎ ይጠፋል። ቹንሃ የመጀመሪያ ፅንሷ ሲወርድባት ወይዘሮ ቴ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገሩም። የሠርጉ ቀን የሙሽራዋ መኪና ከተቆረጠው ሰዓት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ነበርና ያ ሩብ ሰዓት ነው የልጅ ልጅ ያሳጣኝ ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ በየማዕዱ ላይ አነሱት። አሁን ቹንሃ ዳግም አርግዛለች። ልጁ በቂጡ ስለተቀመጠ በኦፕራሲዮን መውለድ አለባት። ኮከብ ቆጣሪው የወሩን ዘጠነኛ ቀን፣ የእባብን ሰዓት ቆረጠ። በሰዓታችን ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ የፈረስ ሰዓት ይገባል።

ቦንግቺ የቀጠሮ መዝገቡን ስታይ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሦስት ሴቶች ተጽፈዋል፤ ልጇ ሦስተኛ ነች። ወይዘሮ ቴ ጋ ሄዳ ሌላ ሰዓት ያስቆርጡ ብላ ለመነች። ወይዘሮ ቴ ሻያቸውን ሳያስቀምጡ፣ አንቺ ሰው ታርጃለሽ እንጂ ሰዓት መቼ ታውቂያለሽ አሏት። በሩ ላይ ቹንሃ ሆዷን ደግፋ ተከተለቻት።

“እማ፣ እባክሽ ያን ቀን ክርክርሽን ቤት ተይው” አለቻት። “ይህች ሰዓት ካመለጠችኝ እዚህ ቤት መኖሬ አበቃ። አንቺ እዚያው ነሽ፤ አንቺ እያለሽ እንዳታመልጠኝ።”

ቦንግቺ አላስመልጥሽም አለቻት። ስትላትም ከልቧ ነበር።

ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ሦስቱ ቤተሰቦች ኮሪደሩ ላይ በየወንበራቸው ተደርድረው የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። ማደንዘዣ ሰጪው ሌላ ክሊኒክ ቆይቶ ዘገየ፤ ሥራው የተጀመረው ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። የመጀመሪያዋ የቀለም ነጋዴ ሚስት ነበረች። ልጁ እንደወጣ ዶክተሩ እጁን ከተተ፣ ላጠ፣ አወጣ፣ ሰፋ። ክፍሉ ሲጸዳ ቦንግቺ ጎዙን ይዛ ማጠቢያው ሮጠች። አንድ ሺህ ሊሞላ አርባ ቀርቶታል። ስትመለስ ወረቀቱ ላይ ሦስት መቶ ተጽፎ ቀለሙ ደርቋል።

ሁለተኛዋ ሲዩቢ ትባላለች፤ በፋብሪካ ሽሪምፕ የምትልጥ፣ አጥንቷ የሚቆጠር ሴት ነች። የምርመራ ወረቀቷ ገና ሳትነካ ደሟ ዝቅ ያለ መሆኑን ይናገራል። ቦንግቺ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሰዓቱን አየች፣ በሆዷም ሒሳቡን ሠራች። እጅ ከገባ ልጇ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ትወልዳለች። ከተጠበቀ ግን አትደርስም። ሒሳቡ ይኸው ነበር፤ የትም አያስኬድም።

የሲዩቢ ልጅ አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ወጣ፤ ወንድ ነው፣ አለቀሰ። ማህፀን የሚያጨማድደው መርፌ ተሰጠ። ዶክተሩ እጁን ወደ ውስጥ ሲልክ ቦንግቺ በጓንቷ አንጓውን ያዘችው።

“አራት ደቂቃ” አለችው። “የሚደማውን የቁስሉን ጠርዝ በመቆንጠጫ እንያዝና እንጠብቅ።”

“ሲስተር፣ እጄን ልቀቂ።”

“ይህች ሴት ስትገባም ደም የላትም። እንደ መጀመሪያዋ ከፈሰሳት ኪምቹን ልንደግማት ነው።”

የኪምቹ ስም በዚያ ክፍል ከተጠራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማደንዘዣ ሰጪው ራሱን አቀረቀረ። ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያለው ነገር ደግሞ እውነት ነበር።

“ቀጣይዋ ያንቺ ልጅ ናት። አራት ደቂቃ ስትጠብቂ ሰዓቱ የሚያልፈው በማን ላይ እንደሆነ አስበሻል?”

“አስቤያለሁ” አለች። “እጅዎን ያውጡ።”

ቢገፈትራት ይችል ነበር፤ ክሊኒኩ የሱ ነው። ቦንግቺ አልለቀቀችም። እሱም ዓይኗን አየና እጁን አወጣ፤ መቆንጠጫዎቹን አቀበለችው፣ የሚደሙትን ጠርዞች አንድ በአንድ ያዛቸው። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን በጨርቁ ላይ አሳርፈው ቆሙ። በሩ ሥስ ነው። ከኮሪደሩ የወይዘሮ ቴ ነጠላ ጫማ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማል፣ ድምፃቸውም ምንድን ነው የሚያቆያቸው ሲል ይሰማል። ቦንግቺ ልጇን የሸጠቻት መሰላት። ሲዩቢ ከመጋረጃው ማዶ ነቅታ ስለነበር ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀች።

“ምንም” አለቻት ቦንግቺ። “አንቺን እየጠበቅን ነው።”

አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። በሦስተኛው ማህፀኑ ሲጠጥርና ከፍ ሲል ታየ፣ እትብቱ ረዘም አለ። ዶክተሩ በሁለት ጣቱ ሳብ ቢያደርገው የእንግዴ ልጁ ሙሉውን፣ ሳይበጠስ ሳህኑ ላይ አረፈ። ደም ተከተለ፣ ጥቂት፤ ቆመም። ቦንግቺ ጎዙን ስትቆጥር አሥራ አንድ ብቻ ነበር።

ቹንሃ አልጋው ላይ ስትወጣ አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። የወገቧ መርፌ እስኪይዝ፣ ቆዳዋ እስኪጸዳ ደቂቃው አልቆመላትም። ልጅቱ በእግሯ በኩል ወጣች፣ አንዴ አስነጠሰች፣ ከዚያ ጣሪያው እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ቹንሃ ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቀችም።

“እማ፣ ስንት ሰዓት ነው?”

ቦንግቺ ሰዓቱን አየች። አምስት አልሞላም ማለት ትችል ነበር፤ ከእነሱ በቀር ያየ የለም። ሦስት መቶ ያለችበት ቀን ግን አንዴ ይበቃታል።

“አምስት ከሦስት ደቂቃ” አለቻት።

ቹንሃ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ዶክተሩ እጁን ጨርቁ ላይ አሳርፎ፣ ማንም ሳይዘው፣ እንግዲህ አሁን ማን ያስቸኩለኛል አለና ቆመ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ጠበቀ። ስለ ኦርኪዱ ግን አላወራም።

ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ቦንግቺም ጎዙን መዝና ስትመለስ፣ ብዕሩን አንስቶ የሲዩቢን ወረቀት ሳበ። ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

“ስንት ነው?” አለ፣ ቀና ሳይል።

“ሦስት መቶ ሰማንያ። የቹንሃ ሦስት መቶ ሃያ።”

“የመጀመሪያዋስ?”

“ዘጠኝ መቶ ስድሳ።”

የቀለም ነጋዴውን ሚስት ወረቀት ፈልጎ ሦስት መቶውን ሰረዘው። ከዚያ ተነስቶ ራሱ ሊያያት ሄደ። ሴትየዋ በረደኝ ማለት ጀምራ ነበር። ከምሳ በፊት መኪና ተጠርቶ ትልቁ ሆስፒታል ደረሰች፣ ደም ተሰጣት፣ ተረፈች። ዶክተር ሊያው ቦንግቺን አላመሰገናትም፣ ይቅርታም አልጠየቃት። በሚቀጥለው መልካም ቀን ግን ከሦስት ቀይ ወረቀቶች ሁለቱን መለሰ፤ ሄዳችሁ ሌላ ሰዓት አስቆርጡ አላቸው። ሚዛኑም ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ፤ እሱም አልሞተም።

ያን ዕለት ግን ቦንግቺ ከክፍሉ ስትወጣ ወይዘሮ ቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። የሆነውን ከማደንዘዣ ሰጪው አፍ ሰምተዋል። ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ጀመሯት። የገዛ ልጅሽን ሰዓት ወስደሽ ለማታውቂያት ሽሪምፕ ላጭ ሰጠሻት አሏት። የሲዩቢ ቤተሰቦች አጠገባቸው ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ።

“የሰጠኋት ደቂቃ ነው” አለች ቦንግቺ። “እሷ ልትሰጥ የነበረው ነፍሷን ነው። የእርስዎ ምራት ከንፈሯ ቀይ ነው፤ ይግቡና ይዩት።”

“የምን መግባት። ሴት፣ ያውም በፈረስ ሰዓት የወጣች። እንዲህ ያለችው ለማንም አትገዛም። ለእሷ ደግሞ ስም ይወጣላታል እንዴ? ቦንግቺ በሏት፣ እንደ አያቷ።”

ይህን ሁሉ ዓመት ያንን ስም ማንም እየጠራ አስከፍቷት አያውቅም። ያን ቀን ግን ለሕፃኗ ሲወረወር ወጋት። ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፣ ጠመኔውን አንስታ ሦስቱን ቁጥሮች ጻፈች፣ ከዚያ በቁጥሮቹ ላይ ግንባሯን ደግፋ አለቀሰች።

ቹንሃ የአራስነት ወሯን ያሳለፈችው እናቷ ቤት ነው። ከወይዘሮ ቴ ቤት ዶሮ በሰሊጥ ዘይት ሠርቶ ያመጣ የለም፤ ቦንግቺ ከሥራ ስትመለስ ራሷ ዝንጅብሉን እየከተፈች ሠራችላት። እናትና ልጅ ስለዚያች ሰዓት አልተነጋገሩም። ቹንሃ ትበላለች፣ ታጠባለች፣ ግድግዳውን ታያለች። ቦንግቺ ቅር ብሏት እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበራትም፤ ያቺ የሐኪም እጅ የያዘች ሴት። አንድ ቀን የሲዩቢ አማት በእግሯ መጥታ ሁለት እግሩ የታሰረ ዶሮ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ምራቴ በአሥረኛው ቀን ተነስታ ልብሷን ራሷ አጠበች፣ ተይ ብንላት አልሰማ አለች ብላ ነግራቸው ሄደች። ቹንሃ ያን ቀን የዶሮውን ላባ እያየች ብዙ ተቀመጠች። ማታውን አቤንግ ሊጠይቃት ሲመጣ በጆሮው አንድ ነገር አለችው። እሱም ዕቃውን ጠቅልሎ እናቱን ሳያስፈቅድ እዚያው ገባ።

ወሩ በሞላ ቀን ወይዘሮ ቴ እንደ አገሩ ወግ በቀይ የተነከረ እንቁላል ቅርጫት አስይዘው መጡ። ልጃቸው ከቤት ወጥቶ ሲቀር፣ ገበያውም የሲዩቢን ነገር እየተቀባበለ ሲያወራው፣ መምጣቱ ሳይሻላቸው አልቀረም። ተቀመጡ፣ ሕፃኗን በዓይናቸው ጥግ አዩ፣ ከቦርሳቸው የታጠፈ ቀይ ወረቀት አወጡ። ኮከብ ቆጣሪው የፈረስን ሰዓት የሚያበርዱ ሦስት ስሞች አውጥቷል፣ ምረጡ አሉ።

“ስም አላት” አለች ቹንሃ። “አቤንግ መዝገብ ቤት ሄዶ አስመዝግቧታል።”

“ማን ብላችሁ?”

“ቦንግቺ።”

ቦንግቺ ማማሰያዋን ይዛ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እሷም መስማቷ ገና ነው። በድንጋጤ ቱግ አለች፤ አብደሻል እንዴ፣ ምን ባጠፋች ነው ይህን የምታሸክሚያት ብላ ልጇ ላይ ጮኸች። ቹንሃ ወደ እናቷ አልዞረችም፤ የምታየው አማቷን ነው። ወይዘሮ ቴ ፊታቸው እንደ ወረቀቱ ቀላ።

“በማን ፈቃድ?”

“በእርስዎ” አለች ቹንሃ። “ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እርስዎ ነዎት ያወጡላት። ግዴለም ትደግ አሉ። እኔም እሺ አልኩ። አንዷ በዚህ ስም አድጋ አይቻለሁ።”

አቤንግ ከሚስቱ አጠገብ ተነስቶ ቆመ፤ አልተናገረም፣ ግን አልጠፋም። ቦንግቺ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ወር ሙሉ ግድግዳውን ስታይ የነበረች ልጅ ይህን ስታወጣና ስታወርድ እንደነበር አሁን ገባት። ወይዘሮ ቴ ወረቀቱን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት። በዚህ መሀል ሕፃኗ ነቃችና የተወለደች ቀን እንደጮኸችው አድርጋ ለቀቀችው። ወይዘሮ ቴ ጆሯቸውን ይዘው እባካችሁ ይህችን ልጅ ዝም አስብሉልኝ አሉ።

ቦንግቺ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ መጣች፣ ሕፃኗን አነሳች፣ አላባበለቻትም። የኪምቹ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ያለቀሰው ለቅሶ ከጆሮዋ ወጥቶ አያውቅም። ትንሿን ቦንግቺ ወስዳ ቹንሃ እቅፍ ውስጥ አስገባቻትና ወደ ወይዘሮ ቴ ዞረች።

“ትጩኽ” አለቻቸው። “ስትጮኽ የምትሰማት እናት አላት።”